ከማርሚታው በላይ የተኛው ሰው

ካርታው ላይ ቁጥር ነበረው፤ ኮረብታ አራት። እኛም በቁጥሩ ጠራነው። የራሱ ስም በአገውኛ ነው። አውቀዋለሁ፣ እዚህ ግን አልጽፈውም። ከሥሩ የሚያርሱት ሰዎች ዛሬም አሉ፤ የእኛን ነገር ከስማቸው ጋር ማጣበቅ አልፈልግም። ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ነው። ከቆሰበር በበጋ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በክረምት ግን ይዋልበታል።

ትእዛዙ አጭር ነበር። «መሬታችን አይለካም ያሉ ሽፍቶች ከኮረብታው ይነሡ።» ሽፍታ የተባሉት ገበሬዎች ናቸው። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ ስንቱን በገበያ ቀን ከአባቴ ሱቅ ጨው ሲገዛ አይቼዋለሁ። ይህን ለአዛዣችን ለሻምበሉ አልነገርሁትም። አልጠየቀኝማ።

ሴት ወደ ጦር ሜዳ አትላክም ነበር። የጦሩ ቁስል አካሚ ድሬሰር በወባ ወደቀና አገውኛ የሚችል፣ መርፌ መውጋት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። ሃያ ዓመቴ ነበር። አሁን አምስት ዓመት አለፈው። የድሮ ትምህርት ቤቴ ተማሪዎች «ጦር ሜዳ ምን ይመስላል?» ይሉኛል። የጥይት ወሬ ነው የሚጠብቁት። እኔ ቶሎ የሚመጣብኝ አንድ የመኪና ወለል ነው።

ለቁስለኛ ማመላለሻ የነበረን አንድ አሮጌ ጂፕ ነው፤ ሸራ ለባሽ፣ ዳገት ሲያይ የሚያቃስት። ሾፌሩ ሃምሳ አለቃ በላይነህ ይባላሉ። ጢማቸው ሸብቷል፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የዚያ ጂፕ የጭስ ቱቦና ድምፁን የሚያፍነው ማርሚታ የሚያልፉት ከኋላው ወለል ሥር ነው። በደህና መንገድ ሲሮጥ ነፋስ ያቀዘቅዛቸዋል። በእኛ ጭቃ ግን መኪናው በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ እንደ እግረኛ ነው የሚጓዘው። ነፋስ የለ፣ እረፍት የለ፤ ቱቦው ይግላል፣ ወለሉም እጅ አያስነካም። በዚያ ላይ የሜዳው ሣር ቱቦው ላይ ይጠመጠምና ሲደርቅ መጨስ ይጀምራል።

ጋሼ በላይነህ መላ አበጁለት። ሁለት የላምባ ቆርቆሮ ቀደዱ፣ በመዶሻ አቀኑ፣ አንዱን ከሌላው በዳዶ አራርቀው በብሎን አሰሩና በማርሚታውና በወለሉ መካከል ሰቀሉት። ማርሚታውንም አይነካም፣ ወለሉንም አይነካም፤ በየመካከሉ ጣት ይገባል።

«ለምን አያጣብቁትም? ሲሄዱ ይንኳኳል እኮ» አልኋቸው።

«ይንኳኳ። ሙቀቱን የሚይዘው መካከሉ ያለው አየር ነው ልጄ። ካጣበቅሁትማ ብረት ለብረት ያቀብላል፤ እንደ ሐሜት።»

ጠዋት ጠዋት ሥሩ ገብተው ሣሩን በቀርከሃ ይጎረጉራሉ። ሞተሩን አስነሥተው በየመጋጠሚያው እርጥብ ጨርቅ ይይዛሉ፤ ጭስ የሚያሾልክ ካለ ይታወቃል። በመጨረሻ ወለሉን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ወታደሩ ይስቅባቸው ነበር። እኔም ስቄባቸዋለሁ።

ከዚያ፣ ከጠቅላይ ግዛቱ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሊጎበኙን ነው ተባለ። ሰፈሩ ድንጋይ በኖራ መቀባት ያዘ። ጎማዎች በተቃጠለ ዘይት ተወለወሉ። ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ የጂፑን ሆድ አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሙቀት መከላከያ ነው ጌታዬ» አሉ ጋሼ በላይነህ።

«የላምባ ቆርቆሮ? በመንግሥት መኪና ሥር? ለማኝ አስመሰልኸን እኮ! ፍታው።»

«ጌታዬ፣ ወለሉ...»

«ፍታው አልሁ!»

ተፈታ። ቆርቆሮው ነጭ ቀለም ተቀብቶ «እንኳን ደህና መጡ» ተጻፈበትና የሰፈሩ በር ላይ ተሰቀለ። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ፣ ደስ ብሎኝ ጻፍሁ።

ባለሥልጣኑ አልመጡም። ዝናቡ መንገድ ዘጋባቸው ተባለ። ጋሼ በላይነህ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። «ድንገት ቢመጡስ?» ተባሉ። በአምስተኛውም ቀን ጠየቁ፤ መልሱ ያው ነው። በሰባተኛው ቀን የውጊያው ትእዛዝ መጣ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከኮረብታው ግርጌ ነበርን። ጉም ነው። እነሱ ያዩናል፣ እኛ አናያቸውም። መጀመሪያ ድንጋይ ወረደ፣ ቀጥሎ ጥይት። መትረየሳችን ጥቂት ተኩሶ ጭቃ ያዘው። ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ሰው ሞቶብን ነበር። አራት ሰዓት ላይ አራተኛውና አምስተኛው ወደቁ። አምስት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝነው። ከላይ ያገኘነው ትኩስ አመድ፣ አንድ የፈረስ ኮርቻና የድንች ልጣጭ ነው።

«ለዚህ ነው?» አለ አንዱ።

አሥር አለቃ ደምሴን ያመጡልኝ ያን ጊዜ ነው። ደምሴ የሻምበሉ ጦር ቀልደኛ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚተርበኝም እሱ ነው። ወገቡን ከኋላ ተመትቷል። ቁርጭምጭሚቱን በጥፍሬ ቆነጠጥሁት።

«ይሰማሃል?»

«ምኑ?»

ደሙን አቆምሁለት። የልቡ ምት ደህና ነው። ዳንግላ ሐኪም ቤት ካደረስሁት ቢያንስ ነፍሱ ይተርፋል፤ እርግጠኛ ነበርሁ። የቃሬዛው እግሮች ጂፑ ውስጥ አላስገባ ብለው ቀደም ብሎ ተነቅለዋል። ስለዚህ ሸራው ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ደምሴን በጀርባው አስተኛሁት፣ እግሩን በብርድ ልብስ ጠቀለልሁት።

«ልጄ፣ በየዳገቱ ራስ ቆም እያልሁ ላብርደው» አሉኝ ጋሼ በላይነህ። «ያለዚያ ቆርቆሮ ይህን ወለል አላምነውም።»

«ስንት ጊዜ ሊቆሙ ነው?»

«አምስት፣ ስድስት ጊዜ።»

«እስከዚያ ሰውዬው ይሞታላ!»

አንድ ጊዜ ቆሙ። ጮህሁባቸው። «ይንዱ እንጂ! ሬሳ ነው የማደርሰው?» ከዚያ ወዲያ አልቆሙም።

መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያጓራ ይሄዳል። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን የጥይት ሣጥን ላይ ጭኜ፣ የግሉኮሱን ጠርሙስ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ደምሴ ከሥሬ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ የዳንግላ ልጅ፣ ከዚህስ ጋሪያችሁ አይሻልም?»

«ፈረሱ ወታደር ሲያይ ይደነብራል።»

«ወይ ፈረስ! ከሻምበላችን ይሻላል።» ሳቀ። ሲስቅ አመመውና ጥርሱን ነከሰ።

ጥቂት ቆይቼ «በረደህ እንዴ?» አልሁት።

«የለም። እንዲያውም ጀርባዬን ሞቅ ሞቅ ብሎኛል። እግዜር ይስጥሽ፣ ጠዋት ያ ጉም ገድሎኝ ነበር።»

ደስ አለኝ። ብርድ ልብሱን ጎንና ጎኑ ላይ ደህና አድርጌ ወተፍሁለት።

ቆሰበርን እንዳለፍን ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ ነው?»

«ይሆናል። ልቁም?»

«አይቁሙ።»

ጎንበስ ብሎ ወለሉን መንካት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አንዱ እጄ ጠርሙሱን ይዟል። ሌላው ባዶ ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዳንግላ ገባን። የሐኪም ቤቱ ሰዎች ቃሬዛውን ሊያነሡ ሲሉ ሸራው ከወለሉ ጋር ተጣብቆ አልነሣ አለ። ሳቡት። ሸራው ሲላቀቅ ከቆዳው ጋር ነው የመጣው። ከጭኑ እስከ ተረከዙ ተቃጥሏል። ምንም አልተሰማውም።

«ምን ሆናችሁ?» አለ። «ደረስን አይደል?»

ጋሼ በላይነህ መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉና ወዲያው አነሡት። ከዚያ ባልዲ አንሥተው ወለሉን ማጠብ ያዙ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥይቱን አወጡለት። የጥይቱ ቁስል እየጠገገ ሄደ፤ ቃጠሎው መገለ። ጨርቁን ጠዋትና ማታ የምቀይርለት እኔ ነበርሁ። በስድስተኛው ቀን «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለኝ። ለሕመምተኛ መዋሸት አስተምረውናል። አልዋሸሁም።

«እግርህ ነው። የመኪናው ወለል አቃጥሎህ ነው። ጋሼ በላይነህ ልቁም ሲሉ ይንዱ ያልሁ እኔ ነኝ።»

«እኔም ብሆን ይንዱ እል ነበር» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስኪሞት ድረስ አምስት ቀን አላናገረኝም።

የሞቱን ወረቀት እንድሞላ ተነገረኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የመኪና ወለል ሙቀት፣ መከላከያው ስለተፈታ» ብዬ ጻፍሁ። ሻምበሉ አስጠራኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። አጠገቡ ሌላ ተቀምጧል፤ «በጠላት ጥይት» ተብሎ በጽሕፈት መኪና ተጽፎ ያለቀ።

«መኪና ነው የገደለው ካልሽ የመኪናው ኃላፊ ሾፌሩ ነው» አለኝ። «ሃምሳ አለቃው ጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ቆርቆሮውን ያስፈቱት እርስዎ ነዎት።»

«በጽሑፍ ያዘዝሁት አለ?»

አልነበረም። በጽሑፍ የነበረው በሩ ላይ የተሰቀለው የእኔ «እንኳን ደህና መጡ» ብቻ ነው። ጋሼ በላይነህ ውጭ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። በመስኮት አየኋቸው። ሻምበሉ የዘረጋልኝን ብዕር ተቀበልሁና በእሱ ወረቀት ላይ ፈረምሁ።

በኮረብታ አራት ስድስት ሰው እንደሞተብን መዝገቡ ይላል፤ ስድስቱም በጠላት ጥይት። ከወዲያኛው ወገን ስንት እንደሞተ የጻፈ የለም። በመስከረም ዳንግላ ገበያ ውስጥ ጥቁር የለበሱ የገጠር ሴቶችን መቁጠር ጀምሬ ዘጠነኛዋ ላይ ተውሁት። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና በአገውኛ «ምን ትቆጥሪያለሽ?» አለችኝ።

በጥይት የሞቱት አምስት ናቸው። ይህን ለምትጠይቁኝ ልጆች እናገራለሁ፤ ሻምበሉም ይስማ። መዝገቡን የሚያይ ግን ከስድስቱ ስም ሥር የእኔን ፊርማ ያገኛል። ጽሕፈቱ ያምራል።