የከድር ድራምና እኔ የቀባሁት ቅቤ

ከድር ሞተ አሉኝ። የቱ ከድር? አልኩ። ልጄ ስልኳን ወደ ዓይኔ አስጠግታ ፎቶውን ስታሳየኝ እንኳ ሌላ ሰው ነው ብዬ ተከራከርኳት። የኔ ከድር እንዲህ አልሸበተም አልኳት።

ዛሬ ሌሊት ነው ባቱ ከተማ ልጁ ቤት ያረፈው። እኔ ስሰማ ተቀብሮ አልቋል። አልተሸከምኩትም፣ አንድ እፍኝ አፈር አላለበስኩትም።

ልጄ እኔ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ለዚህ ካልሆነች ለምን ልትሆን ነው። ብሳሳት እለፉኝ።

ለማታውቁት፣ ከድር ድራም መቺ ነበር። የወሎ ሰዎች ልጅ፣ ናዝሬት ያደገ። ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። በንጉሡ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ሲመታ ሰው ከሞጆ ድረስ ይመጣ ነበር። ድራሙን የገዛው ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ከተነሳ ጣሊያን ነው። አሮጌ ነው፤ ግን እንደዛሬው ላስቲክ አይደለም፣ ፊቱ የጥጃ ቆዳ ነው።

ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የማታ ሙዚቃ ቀረ። እሱ ግን ምንም ነገር ሲበላሽበት "ገና መግቢያው ነው" ይላል። ዘፈኑ አልተጀመረም ለማለት ነው። ስኳር ወረፋ ቆመን ቆመን አለቀ ሲሉን እንኳ "ገና መግቢያው ነው" ብሎ ያስቀኝ ነበር።

እኔ የከብትና የቆዳ ደላላ ነበርኩ። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ድራሙን ገምተህ ሽጥልኝ አለኝ። አበድክ እንዴ አልኩት። ሰልችቶኛል፣ ወገቤንም ያመኛል አለ። ትንሿን ከበሮ ግን አልሰጥም፣ እሷ ትቅርልኝ አለ።

ድራሙን ቤቴ አምጥቶ ገምት ሲለኝ እንደ በሬ ነው የገመትኩት። ዞርኩት፣ በጥፍሬ ቆነጠርኩት፣ አሸተትኩት። ስለ ቆዳ ናዝሬት ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ቆዳው ደርቋል። የደረቀ ቆዳ ዋጋ ያወርዳል። ስለዚህ ገዢው ሳይመጣ፣ ከድርንም ሳልጠይቅ፣ ለጋ ቅቤ ፊቱን ሁሉ አሸሁትና ፀሐይ ላይ አዋልኩት። አብረቀረቀ። ሙሽራ መሰለ። ራሴን አደነቅሁ።

ገዢው ለአንድ ፋብሪካ የኪነት ቡድን ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ነበር። ከድር እንጨቶቹን አንስቶ ሊያሰማው መታ። እርጥብ ጆንያ የመታ መሰለ። ገዢው ምን ነካው ሲል፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ ቅቤ እንዳጠጣሁት ነገርኩት። ከድር ጣቱን ቆዳው ላይ አስኬደና አሸተተው።

"ወጥ ልትሠራበት ነበር እንዴ አንተ ሰውዬ?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ገዢው ዋጋውን ሰበረ። ከድር ትንሽ አሰበና ቤቱ ሄዶ ትንሿን ከበሮ አመጣት። እሷንም ጨምራት አለው። ተው አልኩት፣ ዝም በል አለኝ። ጋሪ ላይ ሲጭኑት ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

በዚያ ሰሞን ባለቤቴ አስካለ ሆዷ ውስጥ እጢ ወጥቶባት ተኝታለች። ኩየራ ሐኪም ቤት ወስደህ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም ተብያለሁ፣ እጄ ላይ ግን ምንም የለም። ጎረቤት እናዋጣ ሲል እኔ ለማኝ አይደለሁም ብዬ መልሻለሁ። አዎ፣ እሷ አጠገቤ እያቃሰተች።

ድራሙ በተሸጠ በሳምንቱ ከድር መጣ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነበር። እድሩ አዲስ ደንብ አውጥቷል፣ ለታመመም ይከፍላል፣ እዚህ ላይ ፈርም ብሎ ወረቀት ዘረጋልኝ። ስሜን መጻፍ የተማርኩት በዚያው ዓመት ነው። የተጻፈ ነገር ልመና አይደለም፣ መብቴ ነው ብዬ፣ ኮራ ብዬ ፈርሜ ገንዘቡን ተቀበልኩ። እድር ለሞተ እንጂ ለታመመ ከፍሎ እንደማያውቅ ሕፃን ያውቃል። እኔ አላሰብኩትም።

አስካለ ኩየራ ታክማ ዳነች። ይቺ ልጄም የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ እድሩን አመሰገንኩ። እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ እድር በናዝሬት የለም አልኩ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከድር ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ ሌላው ጉዳይ እንለፍ አለ። ያ ሁሉ ሰው ያውቅ ኖሯል። አንድም አልነገረኝም።

የነገረችኝ አስካለ ናት፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል። ከከድር ሚስት ሰምታ። ገንዘቡ የድራሙ ነበር። ድራሙ የተሸጠው ለሷ ማሳከሚያ ነው። በኔ ቅቤ የጎደለውን የሞላችው ደግሞ ያቺ ትንሿ ከበሮ ናት።

ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ እግሩ ላይ ይወድቃል። እኔ ተቀየምኩ። በሰው ፊት አሞኘኸኝ ብዬ አኮረፍኩ። መንገድ ሳገኘው ሰላምታውን በአንገቴ ነበር የምመልሰው። እሱ ገብቶታል፣ አንድ ቀንም ለምን አላለኝም።

አስካለ ስትሞት ድንኳኑ ውስጥ ሦስቱንም ቀን አጠገቤ ተቀመጠ። ያኔ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ "በላህ ወይ?" ነው። "በላሁ" አለኝ። በቃ፣ ይኼው ነው የተነጋገርነው። ከዚያ ባቱ ልጁ ጋ ገባ። ባቱ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ዛሬ ነገ ስል ነው።

ከድር ወንድሜ፣ ለእድሩ ቆሜ የተናገርኩት ምስጋና ያንተ ነበር። ይኸው ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ በገዛ እጄ ጽፌ እሰጥሃለሁ። አመሰግናለሁ። አንዲት ቃል ናት፣ ሠላሳ ዓመት ከብዳኝ ኖረች።

አንገቴን ለሰው ደፍቼ እንደማላውቅ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገ ባቱ መጥቼ አፈርህ ላይ እደፋዋለሁ።

አላህ ጀነት ያግባህ። ደህና ሁን፣ ከድሬ።