ሙት መስመር ላይ የበራው አምፖል

ከአዳማ ስነሳ ገና አልነጋም ነበር። ከመብራት ኃይል የተላክሁበት ጉዳይ ሐረር ጀጎል በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ ለጥገና በፕሮግራም መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት በግማሽ ማሳጠር ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። አለቃዬ "ሕዝቡ ጨለማ ሰልችቶታል፤ አሳጥሪልን" ብሎ ሸኘኝ። እኔም ስለሰለቸኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ከጭሮ ወዲያ መንገዱ ተራራ ለተራራ ይጠማዘዛል። ጫት የጫኑት አይሱዙዎች ለነፍሳቸው አይሳሱም፤ ለእኛማ ጭራሽ! ሐረር ሸዋ በር ስደርስ መሽቶ ስለነበር ፉሌን በልቼ ተኛሁ።

በማግስቱ፣ ጀጎል

የጥገናው ኃላፊ ጋሽ ተሾመ እዚሁ ሐረር ተወልደው ያረጁ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ከመስመር ሠራተኛው ከአብዲ ጋር ኤረር በር አጠገብ ወዳለ ሰፈር ወሰዱኝ። እዚያ ያረጀ ሽቦ ይቀየራል። መብራቱ እንደሚጠፋ ዋዜማውን በድምፅ ማጉያ ተነግሯል።

መስመሩ ሲቆረጥ እኔ ሰዓት መያዝ ጀመርኩ፤ ወፍጮው ቆመ፤ ሬዲዮው ዝም አለ። በጠባቡ መተላለፊያ ከአንድ የለቅሶ ቤት ከሚወጣው የቁርኣን ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። በተከፈተው በር አሻግሬ ሳይ በጨለማው ውስጥ ነጭ ኮፍያዎች ብቻ ይታያሉ።

አብዲ ምሰሶው ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ሽቦው ሲዘረጋ፣ ከለቅሶው ቤት በር በላይ ያለው አምፖል ቀስ ብሎ ቀላ። ደበዘዘ። እንደገና ቀላ፤ የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

"አብዲ! እጅህን መልስ!" ብዬ ጮህኩ።

"አቦ፣ ምን ሆንሽ? ሙት መስመር ነው እኮ!"

ጋሽ ተሾመ የኤሌክትሪክ መፈተሻውን በረጅሙ ዘንግ ወደ ሽቦው ሲያስጠጉት መሣሪያው ጮኸ፤ ሽቦው ኃይል አለው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

አብዲ ሲወርድ ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ ሽማግሌ ከለቅሶው ቤት ወጡ። ነገሩን ያወቅነው ከእሳቸው ነው። በሐረር ለሐዘንና ለሰርግ የሚደራረሱበት አፎቻ የሚሉት ማኅበር አላቸው። አፎቻው መብራት እንደሚጠፋ ሲሰማ ጄኔሬተር አምጥቶ ራቅ ካለ ጓሮ ከቤቱ ሶኬት ጋር አገናኝቷል፤ ያስነሳውም አብዲ ምሰሶው ላይ ሲወጣ ነው። የቆጣሪውን ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ሆን ብለው አላጠፉትም፤ ለለቀስተኛው የሚያበስሉት ጎረቤቶችም በዚያው መስመር መብራት እንዲያገኙ ነው።

"ለሐዘን የሚለፋ ጎረቤት ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም ብለን ነው፣ ወላሂ!" አሉ። እኔ ምሰሶውን እያሳየሁ የጄኔሬተሩ ኃይል በቆጣሪው በኩል ወደ ሽቦው ተመልሶ ሠራተኛውን ሊገድል እንደነበር ሳስረዳቸው ግን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "አስተግፊሩላህ! ለሞተው ብለን ሌላ ልንገድል ነበር!"

ጄኔሬተሩ ጠፋ። ጋሽ ተሾመ ሽቦውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ማሰር ጀመሩ። ይህ ከታሰረ መስመሩ በድንገት ኃይል ቢያገኝ እንኳ ሠራተኛው ይተርፋል።

"ይሄ መጀመሪያ መታሰር አልነበረበትም?" አልኳቸው።

"ነበረበት። ስንጀምር ፈትሸን ሙት ነበር፤ አንቺም ሰዓት ይዘሽ ቆመሽብኛል። ትንሽ ጊዜ ላትርፍ ብዬ ዘለልኩት።" ቀና ብለው አላዩኝም። አፈርኩ፤ ጠዋት በፍጥነታቸው ተደስቼ ነበር።

ሐጂ ዩሱፍ ከእንግዲህ መብራት ሲጠፋ የአፎቻው ሰዎች ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ ጄኔሬተር መኖር አለመኖሩን እንደሚያዩ ቃል ገቡ። ሥራው ካሰብነው በላይ ቆየ። እኔም ሰዓት ማየቱን ተውኩ።

አዳማ

ሪፖርቴ ላይ ገመዱ የሚታሰርበትና ቤት ለቤት የሚዞርበት ጊዜ እንዲጨመር ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ ተቆጣ።

"አሳጥሪ ብዬ ልኬሽ አስረዝመሽው መጣሽ?"

"አዎ" አልኩት። "አብዲ ከምሰሶው በእግሩ ወርዷል።"