ሙዚቃው የሰውዬው አይደለም

እውነቱን ተናገርሁ፤ ማንበብ አይችልም ተብዬ ከአግዳሚው ተነሣሁ። በደሉ ይኼው ነው። ሰው አልገደሉብኝም፣ መሬት አልቀሙኝም። ግን ስምንት ዓመት እንደ እሾህ ውስጤ ተቀምጧል። ትንሽ ነገር ነው የሚለኝ ካለ እሱ ይቀመጥበት።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበር የምሠራው። እህል ያመጣው ሰው ዱቄቱን በጣቱ ዳብሶ ያውቀዋል፤ የሚፈጨው ሰው ግን በጆሮው ነው። ድንጋዩ ሲደነዝዝ ድምፁ ይወፍራል፤ ያኔ ሞተሩን አጥፍተህ ትወቅረዋለህ። ጆሮዬ የተሳለው በዚህ ነው። ፊደል አልቆጠርሁም። አባቴ ሞፈር የሚይዝ እንጂ ደብተር የሚይዝ ልጅ አልፈለገም፤ ነፍሱን ይማረውና እሱንም አላመሰገንሁበት።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበር። እሑድ ከሰዓት ሥራ ስለሌለ ገብቼ አያለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ሕዝቡ ግር ብሎ ይወጣል፤ በር ላይ ካለው አግዳሚ ግን ሦስት ሰዎች ይቀራሉ። አንዱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ደግሞ ዜማ ቤት ገብቶ፣ ድቁና ተቀብሎ፣ ኋላ የተወ ጎልማሳ። ስለ ተዋናዩ አያወሩም፣ ስለ ድብድቡም አያወሩም። ወሬያቸው ከፊልሙ ሥር ስለሚሄደው ሙዚቃ ነው፤ ያ መቶ ሰው ሆኖ የሚነፋው፣ የሚመታው፣ የሚገዘግዘው።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ የሙዚቃ ደራሲ ነበራቸው። የፈረንጅ ስሙን ሦስቱም በየፊናቸው ስለሚጠሩት ተጨቃጭቀው ሲሰለቻቸው "ሰውዬው" አሉት።

"ሰውዬው ዛሬ ቫዮሊኑን አስለቀሰው" ይላል ልብስ ሰፊው።

"ቫዮሊኑን ተወው! ጡሩምባውን ሰማኸው? ጠላት ሳይመጣ መምጣቱን ነገረን እኮ" ይላል መምህሩ።

"ቤቱ ያስታውቃል" ይላል ዲያቆን የነበረው። ዜማ ቤት የኖረ ሰው እንዲህ ነው፤ ዜማን የሚለየው በመምህሩ ቤት ነው። "የሰውዬው ቤት ሲጀምር ዝቅ ብሎ ነው። የሚነሣ ኋላ ነው።"

እኔ ቆሜ እሰማ ነበር። አንድ እሑድ መምህሩ ዞር ብሎ "አንተስ ምን ሰማህ?" አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይኼን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ከበሮው ፈረሱን ቀድሞት ይመጣል" አልሁት። "ፈረሱ ሳይታይ እግሩ ተሰማ።" ተያዩ። ልብስ ሰፊው ጠጋ አለልኝ፤ ተቀመጥሁ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ደስ ብሎኝ የኖርሁት ያን ያህል ነው።

ከዚያ ያ ፊልም መጣ። ልጅ እናቱን ሊቀብር ከሩቅ አገር ይመለሳል። በአማርኛ የተተረጎመ ነበር፤ ፈረንጆቹ ሁሉ አማርኛ ይናገራሉ። ገና ሲጀምር የሰውዬው ስም ወጣና ሦስቱ አጨበጨቡ። ቀብሩ ላይ አንድ ቀስ ያለ ዜማ ገባ፣ ቤቱ ሁሉ ተላቀሰ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ከአንገቱ ባንጠለጠለው ሜትር ጠረገ።

አግዳሚው ላይ ሦስቱ አድንቀው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ "ቀብሩ ላይ ያለው የሰውዬው አይደለም" አልሁ። "ባለፈው ወር መርከቧ የሰጠመችበት ፊልም ላይ የነበረው ነው። መጀመሪያው ተቆርጦ ገባ እንጂ ያው ነው።"

"የመርከቡን የሠራው ሌላ ደራሲ ነው" አለ መምህሩ።

"እኮ!"

"ስሙ ተጽፏል እኮ፣ በትልቁ። አላየኸውም?"

"አየሁት።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

ወደ ቪዲዮ ቤቱ በር ዞርሁ።

"ምን ይላል ነው የምልህ?"

"ምን እንደሚል እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የሰማሁትን ነው የምናገር።"

ልብስ ሰፊው ሳቀ። "ወንድሜ፣ ወፍጮው ጆሮህን ዱቄት ሞልቶታል።"

መምህሩ አልሳቀም። ፊቱ ቀላ። "ማንበብ የማይችል ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ቦታውን ለሚያነብ ልቀቅ" አለኝ። አግዳሚው ስድስት ሰው ይይዛል፤ የነበርነው አራት ነን። ዲያቆን የነበረውን አየሁት። እሱ እንኳ ዜማ የተማረ ጆሮ አለው። ጫማውን ያያል። ተነሣሁ።

ወሬው ወፍጮ ቤት ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ከማንኩሳ በቆሎ ጭና የመጣች አንዲት ሴት ወረፋ ይዛ "ኧረ እስቲ ይኼ ድንጋይ የማን ድርሰት ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ ሴቶቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ከዚያ ወዲያ ስሜ "ድርሰቱ" ሆነ።

በሠላሳ ስምንት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ጉልበቴ ከሕፃናት ዴስክ ሥር አልገባ እያለኝ ሀ ሁ አልሁ። ዓመት ሙሉ። ማንበብ ስችል ያው ፊልም እንዲደገምልኝ ቪዲዮ ቤቱን ለመንሁና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ስሙ ወጣ፣ አንድም ፊደል አላወቅሁም። ለካ የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው! ይኼን እንኳ የነገረኝ ሰው የለም። ተመልሼ ሌላ ዓመት ተማርሁ።

ያን ጊዜ አነበብሁት። የሰውዬው ስም ነበር፤ መምህሩ ልክ ነው። ሁለት ዓመት የለፋሁት እሱ ልክ መሆኑን በገዛ ዓይኔ ለማየት ኖሯል። ከዚያ የባሰው መጣ፤ ጆሮዬን አላምነው አልሁ። ድንጋይ ልወቅር ቁጭ ብዬ "እውነት ደንዝዟል? ወይስ እኔ ነኝ?" እላለሁ። ጆሮውን ያላመነ ወፍጮ አንቀሳቃሽ እህል ያበላሻል፤ እኔም አበላሸሁ። ባለቤቱ ሁለቴ ታገሠኝና በሦስተኛው አሰናበተኝ።

ዓመታት ሄዱ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ያያል። ሌላ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ልገዛ ቡሬ በሄድሁበት ቀን ስልክ ላይ ፊልም የሚጭን ሱቅ አየሁና ገባሁ። የዚያን የቀብሩን ፊልም ስም ጽፌ ሰጠሁት።

"የተተረጎመው ነው ወይስ ዋናው?" አለኝ ባለሱቁ።

"ምን ልዩነት አለው?"

"ሲተረጎም ድምፁ ሁሉ ይጠፋል፣ አባቴ። ሙዚቃውም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ተርጓሚው ከሌላ ፊልም ቆርጦ ይለጥፍበታል።"

ድገምልኝ አልሁት፤ ደገመልኝ። ዋናውን አስጫንሁ፣ ግን አልከፈትሁትም። ብቻዬን የሰማሁትን ማን አመነኝ?

መምህሩ ጡረታ ወጥቶ ቡሬ እንደሚኖር ሰምቼ ነበር፤ ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። ስኳር ይዞት ከስቷል። ሲያየኝ ወዲያው አወቀኝ፤ "ይቀመጡ" አለኝ። ዱሮ "አንተ" ነበርሁ። ስልኩን መሐላችን አስቀምጬ ቀብሩ ጋ አደረስሁት።

ምንም ሙዚቃ የለም። ነፋስ ይነፍሳል፣ አካፋ አፈር ይቆርሳል፣ ልጁ ይቆማል። ሰውዬው እዚያ ቦታ ላይ አንድ ድምፅ አልጻፈም።

መምህሩ ስልኩን አንሥቶ ወደ ጆሮው አስጠጋ። "ሰውዬው ዝም አሰኘው" አለ። "ከሠራው ሁሉ ይኼ ይበልጣል።"

"ስለ እሱ አልመጣሁም።"

"አውቃለሁ።" ጋቢውን ሰበሰበ። "ያን ቀን እኔም ሰምቼዋለሁ። መርከቡን። አንቱ ሲናገሩ ልቤ ድንግጥ አለ።"

"ታዲያ?"

"ቀደሙኛ! የወፍጮ ቤት ሰው ቀደመኝ።"

ልመታው ፈልጌ ነበር። የሚመታ አካል አልነበረውም። "ይጻፉት" አልሁት።

"ለማን ነው የሚሆን? ልብስ ሰፊው ሞቷል። ዲያቆን የነበረውም ሰከላ ገብቶ ቀርቷል አሉ።"

"ለእኔ። እኔ አነበዋለሁ።"

ከደብተር ቅጠል ቀደደና ጻፈ። በጣቴ እየተከተልሁ ድምፄን አውጥቼ አነበብሁት፦ "ስለ ቀብሩ ሙዚቃ ትክክል የተናገረው የወፍጮ ቤቱ ሰው ነበር። እኔም እያወቅሁ ከአግዳሚው አስነሣሁት።" ስሙንና ፊርማውን አኖረ። የማሳየው ሰው የለኝም፤ ኪሴ ውስጥ ነው ያለ። ቀን ይጨምሩበት አልሁት፣ ጨመረ፦ የካቲት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.