በሻይ የተነከረው በረኛ

ነስሮ ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ነው። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ሥራ ላይ ሳለ ቀና ብሎ ሰው አያይም፤ የድሮ ኳስ ከተነሣ ግን መኪናውን አቁሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ደንበኛው እስኪሰለቸው ያወራል።

ልጅ ሳለ ጋሽ ለገሠ የሚባሉ ፎቶ አንሺ የከተማውን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እያነሡ፣ በወፍራም ወረቀት አትመው፣ ሜዳው በር ላይ በስሙኒ ይሸጡ ነበር። ነስሮ የቁርሱን ስሙኒ ለሆዱ ሳይሆን ለነዚያ ካርዶች እየሰጠ አደገ። ዛሬም ሠላሳ አንድ አሉት። ከሁሉም የሚሳሳለት የበረኛው የሳኒ ነው። ሳኒ በአዘቦት ጊደር መጋላ ገበያ የእህል ጆንያ የሚሸከም፣ እሁድ እሁድ ግን ኳስ እንደ ሙጫ እጁ ላይ የምትጣበቅለት ሰው ነበር። ካርዱ ጀርባ ላይ በሰማያዊ ቢክ «ለወንድሜ ለነስሮ፣ ሳኒ» ይላል። ሳኒ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

የአሁኑን ዘመን ካርድ ነስሮ ያወቀው በአብዱልፈታ በኩል ነው። አብዱልፈታ ሸዋ በር አጠገብ የሞባይል ሽፋንና የአውሮፓ ተጫዋቾች ካርድ የሚሸጥ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ አፈ ማር ነጋዴ ነው። ካርዶቹ በታሸገ ፓኬት ይመጣሉ፤ ከስንት ፓኬት በአንዱ ውስጥ ወርቃማ ካርድ አለ፣ ሁሉም የሚገዛው እሷን ፍለጋ ነው። አንድ ቀን ነስሮ ያጠበበውን ጃኬት ሊያደርስለት ሲገባ፣ ሰውየው ፓኬቶቹን የወርቅ ሚዛን ላይ እየጫነ ሲያወርድ አገኘው።

«ምን እየመዘንክ ነው?»

«ወርቃማዋ ያለችበት ትንሽ ይከብዳል፣ ጋሽ ነስሮ። የከበደውን ለቴሌግራም ደንበኞቼ ለይቼ አስቀምጣለሁ።»

«የቀለለውስ?»

«ለተማሪዎች ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

ነስሮ ወጡ ውስጥ ዝንብ እንዳገኘ ሰው ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ካርድ አይደለም፣ ሌብነት ነው። የኛ ካርድ ሰው ነበረበት፤ ተጫዋቹ በገዛ እጁ የጻፈበት ነበር!»

አብዱልፈታ ሚዛኑን ተወው። «የእጅ ጽሑፍ ያለበት? እርስዎ ጋ አለ? አዲሱማ ሞቷል፣ ወላሂ፤ ነጋ ጠባ ስለሚያትሙት አምና የተጋፉበትን ዘንድሮ የሚያነሣው የለም። የድሮው ግን ያለው ያው ብቻ ነው፣ አይጨመርበትም። ውጭ ያሉ የሐረር ልጆች ይሻሙበታል። ፎቶ ላንሣውና ልመልስልዎት።»

ነስሮ ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ኮራም። በማግስቱ የሳኒን ካርድ በመሐረብ ጠቅልሎ ወስዶ ሰጠ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ካርዱ ሲዘገይበት ሊጠይቅ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ማንም የለም፤ የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረገው። ወለሉ ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አለ፤ የሞላው ያደረ ሻይ ነው፣ ሽታው ኮምጣጣ። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሲባጎ ላይ አርባ የሚሆኑ ሳኒዎች እንደ ቋንጣ ተሰቅለው ይንጠባጠባሉ። አንዱ ሳፋው ውስጥ ቀርቶ ፊቱ ውሃ እንደበላው ሬሳ አባብጧል።

አብዱልፈታ እጁን በፎጣ እየጠረገ ከኋላው መጣ፤ እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። «ዕድሜ እየሰጠኋቸው ነው» አለ።

«የሞተ ሰው ነው እኮ! አስተግፊሩላህ!»

«ስለሞተ አይደል የተወደደው፣ ጋሽ ነስሮ? በሕይወት ቢኖር ማን ይገዛው ነበር?» የነስሮን ካርድ በፕላስቲክ ሸፍኖ መለሰለት። «አመሰግናለሁ፣ ጥሩ ወጥቶልኛል።»

ነስሮ ይህን ነውር የሳኒ ሚስት ሐዋ መስማት አለባት ብሎ በቀጥታ ፈላና በር ወደሚገኘው ቤቷ ገሰገሰ። ሐዋ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ የደረቁ ካርዶች ተቆልለዋል፣ በእጇ ሰማያዊ ቢክ ይዛለች።

«ግባ ነስሮ» አለችው፤ ከመጻፍም አላቆመች።

«ሐዋ! ባልሽን ትሸጪዋለሽ? የሟችን እጅ ጽሑፍ ታስመስያለሽ?»

«የማንን እጅ?» ቀና አለች። «ሳኒ መቼ መጻፍ ያውቅ ነበር? ስሙን እንኳ አይለይም። ያኔ ‹ነስሮ ፈርምልኝ ብሎ ነዘነዘኝ፣ አላውቅም ማለት አፈርኩ› ሲለኝ ያንተንም የጻፍኩልህ እኔ ነኝ።»

ነስሮ ካርዱን ገለበጠው። ከዚያ ቁልሉን አየ፤ እያንዳንዱ ላይ «ለወንድሜ ለነስሮ» ተብሎ ተጽፏል። ያው «ለ»፣ ያው ጭራዋ የረዘመች «ሮ»። አርባ ዓመት እንደ ክታብ የያዘው ነገር አሁን እጁ ላይ ላብ እንደነካው ሳንቲም ቆሸሸበት።

«ውሸታሞች» አለ በቀስታ።

«እንዴ! አንተ ሠላሳ አንድ ካርድ ስትንከባከብ፣ በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት አንድ ቀን የሳኒ የልጅ ልጆች ምን በሉ ብለህ ደጄን ረግጠሃል? አብዱልፈታ ሌባም ይሁን፣ ለአንዷ መቶ ብር ይሰጠኛል።»

ነስሮ ካርዱን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

በማግስቱ ግን ንዴቱ አላስቀምጥ አለውና አብዱልፈታ ሱቅ ተመልሶ ሄደ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው የሳኒን ካርድ ብርሃን ላይ እያዟዟረ ያያል። ነስሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ አትሞኝ! ሰሞኑን የታተመ ነው፣ ሻይ ነክረውት ነው!» አለ።

ሰውየው ዞሮ ፈገግ አለለት። «አውቃለሁ፣ አባባ። እኔም ለሌላ ሰው ልሸጠው ነው።» ከፍሎ ሄደ። አብዱልፈታም እንደ ጥሩ ልጅ በርጩማ አቀረበለት፤ «አረፍ ይበሉ፣ ጋሽ ነስሮ።»

ነስሮ ደጃፉ ላይ ምራቁን ተፋና ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ድሮ ኳስ የጠየቀው ሁሉ መልስ የሚያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ሌሎቹን ሠላሳ ካርዶች አንድ ጊዜ ዘርግቶ አያቸው፤ እያንዳንዱን ፊርማ ማን ጻፈው እያለ ተጠራጠረና ሰብስቦ ቆለፈባቸው።

ትምህርት ሊከፈት ሰሞን ለሳኒ የልጅ ልጆች ሁለት ዩኒፎርም ሰፍቶ ሐዋ ቤት ወሰደ። እሷ ቁልሉን በክንዷ ገፋ አድርጋ ለልብሱ ቦታ ለቀቀችለት፤ ጣቶቿ በቢክ ቀለም ሰማያዊ ሆነዋል። «አላህ ይስጥህ» አለችው ከልቧ፤ ውሃም አቀረበችለት። ነስሮ ብርጭቆው ከንፈር ላይ የቀረውን ሰማያዊ የጣት አሻራ አየና፣ ሳይነካው ተነሣ።