የጋሼ መኪና ድምፅ

አጎቴ ጣሪያ የሌላት ቀላል የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። ጌጃ ሰፈር ስትገባ ጆሮ ታደነቁራለች።

«ጋሼ፣ ወለሏንና በሮቿን ድምፅ ማፈኛ ላልብስልዎት?» ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው።

«ተው ልጄ፣ ክብደት አትጫንባት። ደግሞ ክላክስ ማስጮህ አልወድም፤ እሷን ካፈንካት የግቢውን በር ማን ይከፍትልኛል?»

እውነታቸውን ነበር። ባለቤታቸው እትዬ የመኪናዋን ድምፅ ከመታጠፊያው ሲሰሙ የያዙትን ጥለው ወጥተው ይከፍቱላቸው ነበር።

ጋሼ ካረፉ ወዲህ ለቅሶው ሁላችንንም አድክሞናል። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። አሁን የሚከለክለኝ የለም ብዬ ማፈኛውን ገዛሁ። ዛሬ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ባትሪዋ እንዳይወርድ አስነሳኋት።

እትዬ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከቤት ወጡ። እኔን አልፈው ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና መንገዱን አዩ።

ሞተሩን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ቆይ ልጄ፣ አታጥፋት» አሉኝ።