የእንቁራሪቶቹ ባልዲ

ማዳም ሥራ በጀመርኩ ቀን መጀመሪያ ያሳየችኝ ወጥ ቤቱን አልነበረም፤ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠውን የመስታወት ገንዳ ነበር። ጅቡቲ ከገባሁ ሁለት ቤት ሠርቻለሁ፤ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ሽማግሌ አስታምሜያለሁ። እንቁራሪት ጠብቂ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ሁለት ናቸው፤ ቢተልቁ አውራ ጣቴን ቢያክሉ ነው። ዘመናቸውን ሁሉ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ዓይነት ናቸው፤ ወደ ላይ የሚወጡት አየር ሊስቡ ብቻ ነው። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ማዳም የምመርቃቸው መስሏት ደስ አላት።

ከእኔ በፊት የነበረችው የሐረር ልጅ የተባረረችው በክዳን ምክንያት ነው። ገንዳውን ወልውላ ክዳኑን ገርበብ አድርጋ ተወችው፤ ሦስተኛዋ እንቁራሪት ዘላ ወጥታ ሶፋ ሥር እንደ ቋንጣ ደርቃ ተገኘች። ማዳም ይህን የነገረችኝ ግማሹን በፈረንሳይኛ፣ ግማሹን በአረብኛ፣ የቀረውን በእጇ ነው። በደንብ ገባኝ። ያን ቀን ከወጥ ቤት እየተመላለስኩ ክዳኑን ስነካ ዋልኩ።

እንቁራሪቶቹ የማዳም ልጅ የክሌር ናቸው። ከፈረንሳይ ስትመጣ ጓደኞቿን ሁሉ ትታ እነሱን ብቻ ይዛ መጣች። ሥራውንም ያስተማረችኝ እሷው ናት፤ ስሳሳት በጣቷ እየጠቆመች፣ ሲገባኝ እያጨበጨበች። የሚበሉት በበረዶ የተቀመጠ ቀይ ትል ነው፤ እሱ ከጠፋ ጥሬ ሥጋ እንደ ስኳር ቅንጣት አድቅቆ መስጠት ነው። የጅቡቲ የቧንቧ ውኃ ጨው ጨው ስለሚልና መድኃኒት ስላለበት አይሆንም። የታሸገ ውኃ ባልዲ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከገንዳው ጥቂት እየተቀዳ በእሱ ይተካል። ገንዳው ፈጽሞ አይታጠብም። ድንጋዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር ቆሻሻ ሳይሆን ቤታቸው ነው።

እኔ የቧንቧ ውኃ እየጠጣሁ እንቁራሪት የላስቲክ ውኃ! መጀመሪያ አናደደኝ፤ ቆይቶ አሳቀኝ፤ ከዚያ ለመድኩት። በሆዴ ስም አወጣሁላቸው፤ ወፍራሟን እመቤት፣ ከሲታዋን ገረዷ አልኳት።

ታናሽ እህቴ ሙሉ ከደሴ የመጣችው ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው፤ በአገራችን ክረምት፣ በጅቡቲ እሳት። እኔን ብላ አልመጣችም። አንድ ደላላ በኦቦክ በኩል በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ ብሏታል። ካርቲዬ ዱ በሚሉት ሰፈር ውስጥ እንደ እሷ ባሕር ከሚጠብቁ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቃ ተቀመጠች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በእናታችን አማልኳት። እሷ እቴ! አንቺ ሰው ቤት ስትንከራተቺ ምን አገኘሽ አለችኝ። ነገሩ አመመኝ።

ማዳም ለእረፍት ወደ አገሯ ልትሄድ ስትል ነገሩን ነገርኳት። ጎረቤቷ ሠራተኛ ትፈልግ ነበር፤ ጎረቤቷም ያኔ ለእረፍት ሄዳ ነበር። ማዳም ገንዳውን እያየች እንዲህ አለችኝ፦

«እንቁራሪቶቹን በሕይወት አቆዪልኝ። ስመለስ እህትሽን ራሴ ወስጄ አስገባታለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ የተንጠለጠለችው በእነዚያ ሁለት ፍጥረቶች ላይ ነበር። ይህን ለሙሉ ነገርኳት። እስኪ እናያለን አለች እንጂ እሺ አላለችም።

ሙቀት ይገድላቸዋል። ማዳምና ክሌር ከሄዱ በኋላ መብራት ይጠፋ ጀመር። ኤር ኮንዲሽነሩ ሲቆም ሳሎኑ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከምሲን የሚሉት ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ አቧራ ያስገባል። ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ በረዶ አደርግና ገንዳው ላይ አንሳፍፋለሁ። ውኃው በአንድ ጊዜ እንዳይቀዘቅዝ አንዱ ሲቀልጥ ነው ሌላውን የምጨምረው። እንዲህ እያልን ብዙ ቀን ገፋን። አንድ ጠዋት ግን መብራቱ አልመለስ ብሎ ፍሪጁም ከዳኝ። ሙሉን ጠራኋትና ክዳኑን እንዳትከፍት አስጠንቅቄ በረዶ ልገዛ በሚኒባስ ቡላኦስ ሄድኩ።

በረዶውን በጆንያ ጠቅልዬ ቀትር ላይ ስመለስ ገና በሩ ላይ ሽታው ተቀበለኝ። በረኪና።

ሙሉ እጅጌዋን ሰብስባ ሳሎን መሃል ቆማለች፤ ፊቷ ፈክቷል። ገንዳው አብረቅርቋል። አረንጓዴው የለም፤ ድንጋዩ ነጭ ሆኗል። እኛ ቤት ንጹሕ ማለት በረኪና በረኪና የሚሸት ነው፤ እናታችን ያሳደገችን እንዲያ ነው። አለቅልቃ፣ በረኪናውን በበጠበጠችበት በዚያው በእንቁራሪቶቹ ባልዲ ከቧንቧ ቀድታ ሞልታ፣ እንቁራሪቶቹን መልሳ ከታቸዋለች። እነሱም እግራቸውን እያወራጩ መስታወቱን ይመታሉ።

ጮህኩ። በሻይ ማጥለያ አወጣኋቸውና የተረፈችውን ግማሽ ጠርሙስ ውኃ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጬ ከተትኳቸው። መፈራገጡ ቆመ። ተዘረጉ።

«እትዬ፣» አለች ሙሉ ከኋላዬ፣ «መኪናው ከአሱር ሶላት በኋላ ወደ ኦቦክ ይነሳል። ስትጠሪኝ የመጣሁት ልሰናበትሽም ነው። ሳልሄድ አንድ ሥራ ላቅልልሽ ብዬ ነው።»

ዞሬ አየኋት። ቦርሳዋ በሩ ሥር ተቀምጧል። ልመታትም ፈለግሁ፣ ላቅፋትም። እግሯ ሥር ወድቄ አትሂጂ ልል ነበር፤ ግን ስንት ጊዜ ብያታለሁ! ይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አኖርኩት።

«ውኃ ፍለጋ መሄዴ ነው። አፍንጫቸው ከውኃው በላይ ካልሆነ ያልቃሉ። ከሥር በእጅሽ ደግፊያቸው። ከመምጣቴ በፊት ከተነሳሽ ሁለቱም ይሞታሉ።»

ብያት ወጣሁ።

ከቀትር በኋላ ጅቡቲ ውስጥ ሱቅ ማግኘት ዘበት ነው። ሁሉም ጫቱን ይዞ ገብቷል፣ ያልቃመም ተኝቷል። የግቢያችን ዘበኛ ሮብሌ ዛፍ ሥር ምንጣፉን ዘርግቶ ጉንጩን ሞልቷል። በምችላት ሶማልኛ እንቁራሪቶቹ ሊሞቱብኝ ነው ስለው ከት ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወ። ለጫቱ ያስቀመጣትን ቀዝቃዛ ውኃ አንስቶ ሰጠኝ፤ የጫት ውኃ የሚሰጥ ሰው የጨዋ ልጅ ነው። ከዚያም ራሱ ተነስቶ የባለሱቁን በር ይደበድብ ጀመር። ባለሱቁ በሽርጥ እየተራገመ ወጣ፤ የምንፈልገውን ሁሉ ግን ሰጠን።

ጠርሙሶቹን ታቅፌ ስመለስ የአሱር አዛን ተሰማ። መሮጥ ጀመርኩ። ሳህኑ ወለሉ ላይ፣ ቦርሳው ከበሩ ሥር ጠፍቶ ታየኝ። ግቢው ራቀብኝ። አምላኬ፣ እንቁራሪቶቹን ውሰድ፣ እሷን ተውልኝ አልኩ፤ በጉዞዬ ሁሉ የምለው እሱን ብቻ ነበር።

ቦርሳው አለ። ስልኳ ውስጡ ይጮሃል። ሙሉ እንዳስቀመጥኳት ናት፤ ሁለት እጇ ውኃ ውስጥ፣ ላቧና እንባዋ አገጯ ላይ ተቀላቅሎ። ስልኩ ይቆማል፣ ደግሞ ይጮሃል። ቀና አላለችም።

«እትዬ፣» አለች፣ «ከሲታዋ ትተነፍሳለች። ደላላው እየደወለ ነው፤ እጄን ባነሳ ትሰምጥብኛለች።»

ውኃውን ለወጥንላት፤ ደግመን ለወጥንላት። እመቤት ሞታለች። ገረዷ መጀመሪያ አንድ እግሯን፣ ቆይታ ሌላውን ሳበች። ስልኩ መቼ ዝም እንዳለ ሁለታችንም አላወቅንም። ሙሉ ለደላላው መልሳ አልደወለችለትም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ከዚያ የካርቲዬ ዱ ክፍል ከሄዱት ልጆች መካከል በኋላ የደወለ አለ፤ እስከ ዛሬ ያልደወለም አለ። ስማቸውን እሷ ታውቃለች።

ማዳም ስትመለስ ሙሉ ራሷ ልንገራት አለችና መጣች። እሷ በአማርኛ ተናገረች፣ እኔ ተረጎምኩ፤ በረኪናውንም አልደበቀችም። ክሌር አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ገረዷን ልታይ ገንዳው ላይ ተደፋች። ማዳም ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ይህን አድርጋ ለምን አልጠፋችም ብላ ጠየቀችኝ። የስልኩን ነገር፣ የሳህኑን ነገር፣ የኦቦኩን መኪና ነገርኳት። ወደ ሙሉ ዞረች።

«የጎረቤቴ ቤት እንቁራሪት የለም፤» አለች መጨረሻ ላይ። «ነገ ትምጣ።»

ሙሉ እዚያ ቤት ብዙ ዓመት ሠራች፤ እዚሁ አገባች፣ እዚሁ ወለደች። ቤቷ ስሄድ እስከ ዛሬ አያታለሁ፤ የልጆቿን ገላ ከማጠቧ በፊት ጎንበስ ብላ ባልዲውን ታሸታለች።

እናንተም አሁን ሰው ቤት የምትገቡ ልጆች፣ ለበረኪና አንድ ባልዲ ያዙ፣ ነፍስ ላለው ነገር ሌላ። ከማፍሰሳችሁ በፊት አሽትቱ።