ሳይደለዝ የቀረ የአባት ስም

መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ ጥቁር ማርከርና ማስመሪያ ነበር። ከዚያ በፊት እዚሁ ነቀምቴ አማርኛ አስተምር ስለነበር እጄ የለመደው ቀይ እስክሪብቶ ነው። የክፍል ኃላፊያችን ኦቦ ደሬሳ ማርከሩን እያቀበሉኝ፣ «ጫልቱ፣ እስካሁን የልጆች ስሕተት ስታርሚ ኖረሻል፤ ከዛሬ ጀምሮ የሰው ስም ትደልዣለሽ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሥራው እንዲህ ነው። ምስጢርነታቸው እንዲነሣ የተወሰነባቸው አሮጌ ዶሴዎች ነበሩ፤ በወለጋ ሰማይ ላይ ታዩ ስለተባሉ፣ ምንነታቸው ስላልታወቀ ነገሮች የሚናገሩ። ገበሬ ያየው፣ ሾፌር ያየው፣ ራዳር ላይ ነጥብ ሆኖ ወጥቶ የጠፋው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ለሕዝብ ከመከፈታቸው በፊት ግን የተራ ሰዎች ስም መደለዝ አለበት፤ ኋላ ነገር እንዳይመጣባቸው።

መደለዝም ሙያ አለው። ዋናው ወረቀት አይነካም። ኮፒ ይነሣል፣ ኮፒው ላይ በማስመሪያ ይሰመራል፣ የተሰመረበት ደግሞ እንደገና ኮፒ ይደረጋል። ለምን ሁለቴ ካላችሁ፣ ማርከር የተቀባ ወረቀት ብርሃን ሲያገኝ ከቀለሙ ሥር ስሙ ይታያል። ኦቦ ደሬሳ እያንዳንዱን ገጽ መስኮት ላይ ለጥፈው ያዩ ነበር። አንዲት ፊደል ካነበቡ፣ «ይህቺ ገና ትተነፍሳለች» ብለው ይመልሱልኛል።

አብዛኛው ዶሴ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረውም። የአየር ጠባይ ሠራተኞች የለቀቁት ፊኛ፣ መንገድ የሳተ አውሮፕላን፣ ነግቶም ያልጠፋች ኮከብ። ይህን ብናገር ማን ያምነኛል! ገበያ ስወጣ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት ሳትቀር፣ «አዴ፣ ማል ቱሬ? ምን ነበር?» እያለች ሳትመዝንልኝ ታቆመኝ ነበር። ፊኛ ነው ስላት ትቆጣለች።

አንድ ቀን ግን ፊኛ ያልሆነ ዶሴ እጄ ገባ። ከአንገር ጉቲን የመጣ፣ የደርግ ዘመን ነው። አንድ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ጠዋት ሲያርስ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያበራ ነገር ከአንገር ወንዝ በላይ ቆሞ ያያል። ድምፅ የለውም። ጥቂት ቆይቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ከምስክሩ ቃል ጋር የራዳር ጣቢያ መልእክት ተያይዟል፤ በዚያው ጠዋት፣ በዚያው አቅጣጫ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ታይቷል ይላል። መርማሪዎቹ ሁለቱን አገናኝተው፣ «የምስክሩ ቃል ተረጋግጧል» ብለው ዘግተውታል። የምስክሩ ስም ይማም አሊ ነው።

ምስክር በሕይወት ካለ ዶሴው ሊከፈት መሆኑ ይነገረው ይላል ደንቡ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አንገር ጉቲን ወረድኩ። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ወገቤን ጠይቁት። ቀበሌው ውስጥ ይማም አሊ የሚባል ሰው የለም ተባልኩ። የመጣሁበትን ጉዳይ ስናገር ግን በረንዳው ላይ የነበሩት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። «ይማም ሰማይን ነዋ የምትፈልጊው!»

ጋሽ ይማም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። ዶሴው ውስጥ ያለውን ነገርኳቸው።

«አየሁ አልኩ፤ ወላሂ አይቻለሁ» አሉ። «መርማሪ መጣ፣ ቃሌን ወሰደ፣ ሄደ። መልስ የለም። መልስ ሲጠፋ ውሸታም ሆንኩ። ጫት ነው ያሳየው አሉኝ። አለቃዬም ቀልቡ የተነካ ሰው ትራክተር አይነዳም ብሎ ተትራክተሩ አውርዶ ዘበኛ አደረገኝ።» ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት «የሰማይ ልጆች» እየተባሉ ነው ያደጉት።

ራዳሩም አይቶ ነበር ስላቸው የያዙትን በቆሎ አስቀመጡ። «ስሜ አለበት?»

«አለበት። ግን ይደለዛል። እርስዎን ለመጠበቅ ነው።»

«ተማን ነው የምትጠብቂኝ፣ እታለም? የሳቀብኝ ሁሉ ያውቀኛል። እውነቱን ነው በተባለልኝ ወረቀት ላይ ብቻ ልጥፋ?»

የባሰው ግን ገና ነበር። ጋሽ ይማም በድርቁ ጊዜ በሠፈራ ከወሎ ሲመጡ ወላጆቻቸውን ቀብረው ነው። ወላጅ የሌለው ልጅ ለብቻው ይወሰዳል የሚል ወሬ ስለነበር፣ ሰይድ የሚባል ጎረቤት ልጄ ነው ብሎ በራሱ ቤተሰብ አስመዘገባቸው። ሠፋሪው ዘንድ እንዲህ የተመዘገበ ብዙ ነው። ከራሽን ካርድ ጀምሮ እስከ ቀበሌ መታወቂያ ይማም ሰይድ ሆነው ኖሩ።

«ለመርማሪው ግን አሊ ነው ያልኩት» አሉ። «እውነት እየመሰከርኩ በሰው አባት አልጠራም ብዬ። የአባቴ ስም ያለበት የመንግሥት ወረቀት ያው አንዱ ነው። እሱን ነው የምትደልዥው።»

እልህ ያዘኝ። ነቀምቴ እስክደርስ ከራሴ ጋር ስሟገት መጣሁ።

«ደንብ ነው» አሉኝ ኦቦ ደሬሳ።

«ደንቡ የወጣው ለማን ጥቅም ነው?»

«ለምስክሩ።»

«ምስክሩ ጥቅሙ ይቅርብኝ ብለዋል።»

ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉ። «አሁንም ክፍል ውስጥ ያለሽ ይመስልሻል» አሉኝ። ግን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት እንድንጽፍ ፈቀዱ። መልሱ መጣ፤ ሆኖም ጣጣ ይዞ ነው የመጣው። ስሙ ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ይማም ሰይድና ይማም አሊ አንድ ሰው መሆናቸውን፣ በዘመኑ ቦታው ላይ የነበረ ሰው ይመስክር። ሰይድ ሞቷል። መርማሪዎቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። «በቃ ደልዢው» አሉ ኦቦ ደሬሳ። አልደለዝኩም።

በዘመኑ ቦታው ላይ የነበረ ማን ነው? እርሻው ላይ ሆኖ ይስቅ የነበረው ነዋ። የሳቀው ሰው፣ በማን ላይ እንደሳቀ ያውቃል። ተመልሼ ወርጄ «ይማም ሰማይ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣው ስጠይቅ ሁሉም አቶ አራጋውን ጠቆሙኝ። እሱም ከወሎ የመጣ፣ የዚያው እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር። ጋሽ ይማም ከትራክተራቸው ሲወርዱ ትራክተሯ የተሰጠችው ለእሱ ነው።

«አራጋውን አልለምንም» አሉ ጋሽ ይማም።

«እርስዎ አይለምኑ። የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

አቶ አራጋው ቤት ደጋግሜ ሄድኩ። ዛሬ እርሻ ወርዷል፣ ነገ ማኅበር ሄዷል። ኋላ ላይ በሩ ላይ ያዝኩት። «ሽማግሌ ሆኜ፣ ልጅ ልድር ስል፣ በሰው ስቀልድ ኖርኩ ብዬ ልፈርም?» አለኝ። ክርክሩን ትቼ የራዳሩን መልእክት አነበብኩለት። «ድገሚው እስቲ» አለ። ደገምኩለት። «እመጣለሁ» አለና ገባ።

በቀጠሮው ቀን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መጣ። ጋሽ ይማም ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወሬ የሰማው ሰው በሩ ላይ ቆሟል። አቶ አራጋው ቆሞ ቃሉን ሰጠ።

«መርማሪው ስሙን ሲጠይቀው በሩ ላይ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ይማም አሊ ሲል ሰምቻለሁ። ይኸው የተቀመጠው ነው። ተሱ ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። ምንም አላየሁም አልኩ።» ወደ ጋሽ ይማም ዞረ። «አይቻለሁ። አጠገቡ ያለውን ማሳ ሳርስ ነበር፤ እሱ ያየውን አይቻለሁ። መርማሪውን ፈራሁ። ኋላ ደግሞ እንዳይነቃብኝ ተሁሉም በላይ ሳቅሁ።»

እኔ ቃሉን የምጽፍበትን እስክሪብቶ መያዜን ረስቼው ነበር። ጋሽ ይማም ወደ እሱ ቀና አሉ።

«ትራክተሯ ደህና ታርስልህ ነበር?»

አቶ አራጋው አለቀሰ። ጋሽ ይማም ይቅር አላሉትም፤ አልሰደቡትምም። ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁለት፤ እሱም ተቀምጦ ፈረመ።

ዶሴው ሲከፈት አንድ ኮፒ ይዤ ወረድኩ። ጎረቤቱ ቤቱን ሞላው። ሁሉም የሚጠይቀው ያው ነው፤ ነገሩ ምን ነበር? ዶሴው አይታወቅም ይላል፣ እኔም አላውቅም። ጋሽ ይማም ስለ ሰማዩ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ማንበብ ስለማይችሉ ጣታቸውን ስሙ ላይ አስቀመጥኩላቸውና አነበብኩ።

«ይማም አሊ።»

«የኋለኛውን ብቻ» አሉኝ።

«አሊ።»

ጣታቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ልጆቻቸውን ጠሩ። «ኑ እዩት፤ አያታችሁ ይኸ ነው።»

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ማርከሩን ለተረከባችሁ ባልደረቦቼ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ስም ከመደለዛችሁ በፊት ባለስሙን ጠይቁ።